ቤቱን ማን ሠራው? በሜድፎርድ የሮያል ቤትና የባሮች ማደሪያ

ገዥ መደብ ዘመኑ ሲያልፍበት ይዞት የማይሄደው ነገር ቢኖር ቤቱ ነው። ሰዎቹ ይሰደዳሉ፣ ይሞታሉ፣ ርስታቸው ይከፋፈላል፤ ቤቱ ግን ግድግዳው ታድሶ፣ ወንበሩ ተወልውሎ፣ በሩ ላይ ቲኬት ቆራጭ ተቀምጦለት ቤተ መዘክር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ መናገር ይጀምራል። የሚናገረው ግን ቁልፉን የያዘው ክፍል ያስጠናውን ነው። ስለዚህ የጥንት ባለጸጋን ቤት መጎብኘት የእሑድ ሽርሽር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። እንደ ማንኛውም የፖለቲካ ጽሑፍ፣ ማን አዘጋጀው፣ ለማን አዘጋጀው፣ ምንስ አስቀረ ተብሎ መነበብ አለበት።

ለዛሬው ዓምዳችን የመረጥነው ከቦስተን በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በሜድፎርድ ከተማ ያለውን የሮያል ቤት ነው። ስለ አሜሪካ ባርነት ስናነሳ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ደቡብ ይሮጣል፤ ወደ ጥጡ እርሻ፣ ወደ ጆርጂያና ወደ ሚሲሲፒ። ሰሜኑ የነጻነት አገር፣ የፀረ ባርነት ሰባኪዎች መፍለቂያ ሆኖ ነው የተነገረን። ብዙዎቻችን የምንማረውም በዚሁ በሰሜኑ ክፍል ባሉ ዩኒቨርስቲዎች ነው። የሜድፎርዱ ቤት ይህን ተረት ከሥሩ ስለሚነቅለው፣ ጓዶች ሄደው ቢያዩት ይጠቀማሉ እንላለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስንጽፍ ዓ.ም. ብለን እንለየዋለን።)

ቤቱ ባለ ሦስት ደርብ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ፊቱ እንጨት ሆኖ ሳለ የተጠረበ ድንጋይ መስሎ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ ነው። የእንግሊዝ መኳንንትን ቤት ለመምሰል የተደረገ ጥረት መሆኑ አያጠራጥርም። በውስጡ ሰፊ ደረጃ፣ በጥሩ አናጺ እጅ የተጠረበ የግድግዳ እንጨት፣ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽና ያማረ እልፍኝ አለ። ከዚሁ ቤት ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ከጌታው መስኮት ሆኖ በቀላሉ በሚታይበት ቦታ፣ ከጡብና ከእንጨት የተሠራ ያነሰ ቤት ቆሟል። ማድቤትና የባሮች ማደሪያ ነበር። በሰሜናዊዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ራሱን ችሎ የቆመ የባሮች ማደሪያ እስከ ዛሬ ተርፎ የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው። ሁሉም ግን እዚያ አያድሩም ነበር፤ ሌሊት ሲጠሩ ፈጥነው እንዲነሡ በትልቁ ቤት ውስጥ የሚያድሩም ነበሩ። በሜድፎርድ በሮያል ቤተሰብ ሥር በባርነት የኖሩት ሰዎች ቁጥር ከ60 በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ? አባትየው አይዛክ ሮያል የአናጺ ልጅ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካሪቢያን ባሕር ወደምትገኘው አንቲጓ ደሴት ሄዶ በሸንኮራ አገዳ እርሻ፣ በስኳር፣ በረም አረቄና በሰው ንግድ ከበረ። በ1732 በሜድፎርድ ከ500 ኤከር በላይ መሬት ገዛ፤ በእኛ ልክ አምስት ጋሻ ያህል ነው። መሬቱ ቀደም ሲል በ1631 ለማሳቹሴትስ ገዥ ለጆን ዊንትሮፕ የተሰጠ ነበር። ሰጪዎቹ እንግሊዞች ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት አገሩ የነባሮቹ ሕዝቦች እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ የቤቱ መሠረት የተጣለው በሁለት ዘረፋ ላይ ነው፤ መሬቱ ከአንዱ ሕዝብ፣ ጉልበቱ ከሌላው።

አባትየው አንቲጓን ጥሎ የመጣበት ምክንያትም መታወቅ አለበት። በዚያ ዘመን ደሴቲቱን ድርቅና በሽታ መትቷት ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ጌቶቹን ያስደነገጠው በ1736 የተደረሰበት የባሮች የዓመፅ ዝግጅት ነው። ዓመፁ ገና ሳይነሣ ተጋለጠ፤ 88 ሰዎች ተገደሉ፣ ከእነዚህም 77ቱ በሕይወታቸው እሳት ውስጥ ተቃጠሉ። ከተገደሉት አንዱ በሮያል እርሻ ላይ የሠራተኞች አለቃ የነበረው ሄክተር ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1737፣ ሮያል ቤተሰቡንና ቢያንስ 27 በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ይዞ ሜድፎርድ ገባ። እንግዲህ ይህ ቤት የሸሸ ጌታ ቤት ነው። ጎብኚው ያማረውን ደረጃ ሲወጣ፣ የጌታው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ሄክተርን ሳያስብ ሊረዳው አይችልም።

ሰሜንና ደቡብ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች እንዳልነበሩም ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ኒው ኢንግላንድ ዓሣ፣ ሳንቃና የጋማ ከብት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ትልክ ነበር። ደሴቶቹ መሬታቸው በሙሉ በሸንኮራ አገዳ ስለተያዘ ለሠራተኛው የሚበላውን እንኳ ከውጭ ያስመጡ ነበር። መርከቦቹ ሲመለሱ የስኳር አተላ ጭነው ይመጣሉ፤ አተላው በሜድፎርድና በመሰሎቿ ከተሞች እየተጣራ ረም ይሆናል፤ ረሙም በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሰው ይገዛበታል። የሜድፎርድ ረም በዘመኑ የታወቀ ነበር። ስለሆነም በሰሜን ያለው ነጋዴ፣ መርከብ ሠሪውና ጠማቂው አንድም ባሪያ በቤቱ ባይኖር እንኳ በሰንሰለቱ ውስጥ ነበረበት። እጁን በውሃ ስለታጠበ ብቻ ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

አባት በ1739 ሞተ። ልጁ፣ ስሙም እንደ አባቱ አይዛክ፣ ሁሉንም ወረሰ። በ1775 የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሡ ልጅየው ከተማውን ለቆ ወደ ሃሊፋክስ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ቤቱን የአማፅያኑ አዛዥ ጆን ስታርክ የጦር ሠፈሩ አደረገው። በ1776 ልጅየው ከሃሊፋክስ ለወኪሉ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም አለ። በዚህ ደብዳቤ ስቲቨንና ጆርጅ የተባሉትን ሰዎች እንዲሸጥለት ያዘዋል፤ እያንዳንዳቸው በ60 ፓውንድ እንደተገዙ፣ በ50 ካልሆነም በ15 ቢሸጡ እንደማይጠላ ይገልጻል። ሄገርና ማይራ የተባሉትን ሴቶች ደግሞ እያንዳንዳቸውን በ35 ፓውንድ ገዝቷቸው ሄገርን በ30፣ ማይራን በ25 ሊሸጣቸው ፈቃደኛ መሆኑን ይጽፋል። ያ ዓመት ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል የሚለው መግለጫ በፊላደልፊያ የወጣበት ዓመት ነው። መግለጫው በየትምህርት ቤቱ በቃል ይጠናል፤ የደብዳቤው የዋጋ ዝርዝር ግን ለብዙ ዘመን በማኅደር ተቀምጦ ኖረ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ከዚህ ቤት የወጣው ትልቁ የፖለቲካ ሰነድ የጌታው አይደለም፤ የአገልጋይዋ ነው። ኋላ ቤሊንዳ ሰተን ተብላ የታወቀችው ይህች ሴት የተወለደችው ዛሬ ጋና በምንለው አገር አካባቢ ነው። በልጅነቷ ተይዛ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ፣ ለሮያል ቤተሰብ 50 ዓመት ያህል አገለገለች። ጌታው በ1781 በስደት ሲሞት፣ ርስቱን ለዘመዶቹና ለትምህርት ተቋም ሲያድል፣ ለእርሷ የተወላት ነጻ የመሆን ምርጫ ነው፤ እርሱም ለከተማው ሸክም እንዳትሆን ከሚል ቅድመ ሁኔታ ጋር። ከእርጅናና ከበሽተኛ ልጅ ጋር ባዶ እጇን ቀረች።

የካቲት 14 ቀን 1783 ቤሊንዳ ለማሳቹሴትስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበች። መፈረም ስለማትችል በስሟ አጠገብ ምልክት አደረገች። የአቤቱታው ፍሬ ነገር ምጽዋት ልመና አይደለም። የሮያል ሀብት ከፊሉ በራሷ ጉልበት የተከማቸ፣ በጠቅላላውም በባሮች ላብ የተስፋፋ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ሀብት ቅንጣት እንዳልደረሳት ገልጻ፣ ለእርሷና ለልጅዋ መተዳደሪያ የሚሆን ከዚሁ ርስት እንዲቆረጥላት ጠየቀች። ከእኛ መካከል የትርፍ እሴትን ትምህርት በጥናት ክበብ ወራት ፈጅተን የተማርን አለን። ይህች ፊደል ያልቆጠረች ሴት የነገሩን እምብርት ያስቀመጠችው «ካፒታል» የተባለው መጽሐፍ የመጀመሪያው ቅጽ ከመታተሙ 84 ዓመት በፊት ነው። የተጨቆነ ሰው ብዝበዛውን ለማወቅ እኛን አይጠብቅም። የምሁር ድርሻ እርሱ የሚያውቀውን እንዲሰማ ማድረግ ነው።

ምክር ቤቱ በዓመት 15 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ከሮያል ርስት እንዲከፈላት ወሰነ። ክፍያው ግን ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። ቤሊንዳም እስከ 1793 ድረስ አቤቱታዋን ደጋግማ ስታቀርብ ኖረች። በወረቀት ላይ ያለ መብትና በእጅ የገባ መብት የተለያዩ መሆናቸውን አሥር ዓመት ሙሉ ተማረችው። ቢሆንም አቤቱታዋ ለባርነት ዘመን ካሣ ከጠየቁት የአሜሪካ ሰነዶች ከቀደምቶቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ታዲያ ቤቱ ይህን ሁሉ ለጎብኚ ሲናገር ኖሯል ወይ? አልኖረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገር ወዳድ የተባሉ ማኅበራት ቤቱን ከመፍረስ አድነው ገዙት፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚታየው የሮያል ቤተሰብ ኑሮና የነጻነት ጦርነቱ ወሬ ነበር፤ ወንበሩ፣ መጋረጃው፣ የሻይ ዕቃው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አባትየው ሲሞት በ1739 የተመዘገበው የንብረት ዝርዝር በየክፍሉ ምን ዕቃ እንደነበረ ይናገራል፤ ቤቱን ለማደስ የረዳው ይህ ዝርዝር ነው። በዚሁ መዝገብ ውስጥ ግን በባርነት የተያዙት ሰዎች ከነስማቸውና ከነዋጋቸው ተጽፈዋል። ሰነዱ አንድ ነው። አንባቢው የወንበሩን መስመር አንብቦ የሰውን መስመር ይዘል ነበር ማለት ነው። ታሪክን ለመደበቅ ወረቀት ማቃጠል አያስፈልግም፤ ዓይንን በመስመሩ ላይ ማሳለፍ ይበቃል።

ለውጡ የመጣው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው። ከ1999 እስከ 2001 በግቢው ውስጥ የመሬት ቁፋሮ ጥናት ተደርጎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቅርሶች ወጡ፤ አብዛኛው የሸክላ ስባሪና የዕለት ዕቃ ነው። ከዚያም ውስጥ የመጫወቻ ጠጠሮች ተገኝተዋል። እነዚያ ሰዎች የሥራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆኑ ከሥራ ሰዓት የሰረቋት ጊዜ፣ እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት ጨዋታ እንደነበራቸው ከዚህ ይታወቃል። ቤተ መዘክሩም ስሙን የሮያል ቤትና የባሮች ማደሪያ ብሎ ለወጠ። ዛሬ አስጎብኚዎቹ የቤሊንዳን ስም ከጌታው ስም እኩል ይጠራሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን፤ እውነት ነው፣ ግን የድኻ ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ፈልጎ የሚያነሣው ሰው ሲገኝ ነው።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካል። ልጅየው ሮያል በኑዛዜው ለሐርቫርድ መሬት ተወ። ከዚያ በተገኘው ገንዘብ በ1815 በስሙ የሕግ ፕሮፌሰርነት ወንበር ተቋቋመ፤ በ1817 የሕግ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። በ1936 ትምህርት ቤቱ ዓርማ ሲያወጣ ከሮያል ቤተሰብ ጋሻ ላይ ሦስት ነዶ ስንዴ ወሰደ። ከሸንኮራ አገዳ የተገኘ ሀብት በስንዴ ነዶ ተመሰለ። በ2015 የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች፣ በዚያው ዓመት በኬፕታውን የሴሲል ሮድስን ሐውልት ያስነሡትን ተማሪዎች ምሳሌ ተከትለው፣ «ሮያል ይውደቅ» ብለው ተነሡ። በመጋቢት 2016 ዓርማው ተሻረ።

እዚህ ላይ የተነሣ ክርክር አለ። ዓርማው ይሻር የሚለውን የኮሚቴ ሐሳብ ከተቃወሙት አንዷ ስለ ባርነት በጻፏቸው የታሪክ መጻሕፍት የታወቁት ጥቁር አሜሪካዊት ምሁር አኔት ጎርደን ሪድ ናቸው። ዓርማው ቢቀር፣ ከእርሱም ጋር ባሮቹ ቢታወሱ፣ ሰዉ ያንን ሀብት ያለ እነርሱ ሊያስበው አይችልም፤ ዓርማው ከጠፋ ግን ትዝታውም አብሮ ይጠፋል የሚል ነው ክርክራቸው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ ሆኖም ጥያቄው በምልክት ላይ ከቆመ ጎደሎ ነው። የአንቲጓ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋስተን ብራውን በ2019 ለዩኒቨርስቲው የጻፉት ደብዳቤ ነገሩን ወደ ሥሩ መለሰው፤ ሀብቱ ከደሴታችን ሕዝብ ስለወጣ ካሣው ይታሰብ የሚል ነበር። በ2022 ዩኒቨርስቲው ከባርነት ጋር የነበረውን ግንኙነት በሰፊው መርምሮ ዘገባ አወጣ፤ 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብም አስታወቀ። ቤሊንዳ ከጠየቀች 239 ዓመት ሆነ ማለት ነው። ነዶውን ከጋሻ ላይ ማንሣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የነዶውን ባለቤት ፈልጎ ድርሻውን መስጠት ግን የትግል ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ አንድ ጓድ «የፈረንጅን ገመና መቁጠር ቀላል ነው፤ የራሳችንስ?» ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው ተገቢ ነው። ስድስት ኪሎ የተማረ ሁሉ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ያውቃል። የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር፤ በወረራው ዘመን የፋሽስቱ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተያዙት መኳንንት የተረሸኑትም እዚያው ነው። ብዙም ሳይቆይ ለዩኒቨርስቲ ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ቤተ መዘክሩ ገቡበት። ጎብኚው የንጉሡን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ያያል። ከውጭ ፋሽስቶች ለሥልጣን ዘመናቸው መቁጠሪያ ያሠሩትን ደረጃ፣ በላዩም ላይ የተቀመጠውን አንበሳ ያያል። ነገር ግን መኝታውን ማን ያነጥፍ ነበር፣ ውሃውን ማን ያሞቅ ነበር፣ ለግብሩ እህሉ ከየትኛው ገባር ጎተራ መጣ ብሎ የሚጠይቅ ስንት ነው?

ባርነት በአገራችንም ነበረ። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። በየባላባቱ ግቢ ውሃ የቀዱት፣ እንጨት የለቀሙት፣ እህል የፈጩት ሰዎች ስማቸው በየትኛው መዝገብ አለ? «መሬት ለአራሹ» የሚለው ድምፅ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ያስተጋባው የዩኒቨርስቲው ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ከባለርስቱ ተወሰደ። ስለ መሬቱ የተባለውና የተደረገው ብዙ ነው፤ ስለ ሰዎቹ ስም የተደረገው ግን ጥቂት ነው። የሜድፎርድን ቤት ዓይተን በፈረንጅ ላይ ብቻ ጣታችንን ቀስረን ከተመለስን፣ የወንበሩን መስመር አንብበን የሰውን መስመር ዘለልን ማለት ነው።

አንዳንድ ጓዶች ወደ ጌቶች ቤት መሄድ ጌቶቹን ማክበር ነው ይላሉ። ቤቱን ለእነርሱ ከተውንላቸው ነው የምናከብራቸው። በያለንበት ከተማ ለጉብኝት የተከፈተ የድሮ ጌታ ቤት አይጠፋም። ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህ የተሠራበት ገንዘብ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ በዚህ ግቢ ማን የት ያድር ነበር? ሦስተኛ፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ማብራሪያ ማን ጻፈው፣ መቼስ ተለወጠ? አስጎብኚው ካላወቀ በትሕትና የንብረት ዝርዝሩን ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ሌላም ሥራ አለ፤ ይህኛው ጊዜ አይሰጥም። በየስደቱ ከተማ በልጅነታቸው በባላባት ግቢ ያደጉ፣ ያገለገሉ፣ ወይም ከእናቶቻቸው የሰሙ እናቶችና አባቶች በመካከላችን አሉ። በየቤታቸው ሄዳችሁ፣ ቡናቸውን ጠጥታችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ የሚያስታውሱትን ጻፉ፤ በተለይ ስሞችን። የቤሊንዳ ቃል ለእኛ የደረሰው አንድ ሰው እየሰማ ስለጻፈላት፣ አንድ መዝገብ ቤትም ስለጠበቀው ነው። የጻፋችሁትን ላኩልን፤ ባለታሪኮቹ በፈቀዱት መጠን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።